አሮጌ የጊታር ፔዳል ሲቀዳ፦ ዕቃውን በቁጥሩ ሳይሆን በሥራው ፈልጉት

ጅማ ላይ ጊታር የሚጫወት ወጣት አይጠፋም። ቸርች የሚያገለግል አለ። ሆቴል ውስጥ ማታ ማታ የሚሠራ አለ። ዩኒቨርሲቲ ግቢ ከጓደኞቹ ጋር የሚለማመድም አለ። ጊታሩ እንደምንም ይገኛል፣ አምፕሊፋየሩም ከሰው ይዋሳል። የሚቸግረው ፔዳሉ ነው፤ በጊታሩና በአምፕሊፋየሩ መካከል የሚሰካ፣ በእግር እየተረገጠ ድምፁን የሚቀይር ትንሽ ሣጥን። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ በዶላር የሚገዛ ነገር ሁሉ ኪስ ይጎዳል። አዲሱ ፔዳል እንዲህ ከራቀ፣ ሰብሳቢ የሚሻማባቸው የእነ ጊታሪስቱ ጂሚ ሄንድሪክስ ዘመን ፔዳሎችማ ጭራሽ አይታሰቡም።

ስለዚህ ልጆቹ ራሳቸው መሥራት ጀምረዋል። ደስ የሚል ነገር ነው፣ ደግሞም ይቻላል። የብዙዎቹ አሮጌ ፔዳሎች የሰርኪዩት ንድፍ ኢንተርኔት ላይ አለ። የዕቃዎቹ ብዛትም ትንሽ ነው። ችግሩ የሚመጣው የዕቃውን ዝርዝር ይዞ ገበያ ሲወጣ ነው። ዝርዝሩ ላይ የሰፈረው ከ50 ዓመት በፊት እንግሊዝ ወይም ጃፓን ይመረት የነበረ፣ ዛሬ የማይመረት ትራንዚስተር፣ ማለትም ድምፁን የሚያጎላው ባለ ሦስት እግር ትንሽ ዕቃ ነው። ልጁ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጥገና ሱቆቹን አንድ በአንድ ይዞራል።

“ጋሼ፣ ኤንኬቲ 275 ይኖራል?”

“ለምን ሥራ ነው የፈለግከው?”

ብዙ ወጣት ይሄን ሲሰማ “የለም” እንደተባለ ቆጥሮ ይወጣል። ጥገና ላይ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ግን ዝም ብሎ አይጠይቅም። ዕቃው ሰርኪዩቱ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ሳይታወቅ በምን እንደሚተካ ሊታወቅ አይችልም። ያው አንዱ ትራንዚስተር አንድ ቦታ ላይ በማንም ይተካል፤ ሌላ ቦታ ላይ የፔዳሉን ድምፅ የሚወስነው እሱ ነው። ይሄን ሳይለዩ ዝርዝሩን ብቻ ይዞ መሮጥ ሁለት ጉዳት አለው። ለማይጠቅመው ዕቃ ብር ይፈሳል፣ ወሳኙ ቦታ ላይ ደግሞ የተገኘው ነገር ይገባል።

ከቀላሉ ፔዳል እንጀምር። ፈዝ ፌስ የሚባለው ክብ ፔዳል በ1966 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ አርቢተር በሚባል ድርጅት ነው የወጣው። ማብሪያውንና መሰኪያዎቹን ትተን ውስጡ ያለው 11 ዕቃ ብቻ ነው። 2 ትራንዚስተር፣ 4 ሬዚስተር፣ 3 ካፓሲተር፣ 2 ቮልዩም (በእጅ የሚዞር ማስተካከያ)። በቃ። ያ ሁሉ የተሰባበረ፣ የሚጮህ፣ ግን ጣት ሲለሰልስ አብሮ የሚለሰልስ ድምፅ ከዚህ ነው የሚወጣው።

ከ11ዱ ዘጠኙ ለመተካት አያስቸግሩም። 33 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ካጣችሁ 22 እና 10 ኪሎውን በተርታ አገናኙ፣ 32 ይሆናል፤ ጆሮ አይለየውም። 20 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ዛሬ ሱቅ ውስጥ ብዙም አይገኝም፣ 22 ማይክሮ ፋራድ አስገቡ። የድሮ ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ራሱ ከተጻፈበት ቁጥር 20 በመቶ ከፍ ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው። እንዲያውም ከአሮጌ ቦርድ ተነቅሎ የመጣ ኤሌክትሮላይቲክ ባታስገቡ ይሻላል። ውስጡ ያለው ፈሳሽ በዕድሜ ይደርቃል፣ ከተጻፈበት ቁጥር ርቆ ይገኛል። አዲስ ግዙ፤ በዚህ ቦታ ቁጠባ አያዋጣም። የድሮ የካርቦን ሬዚስተር “ድምፁን ያሞቃል” የሚለውን ወሬም አታሳድዱት። የሚጨምረው በዋናነት ሽሽ የሚል ጫጫታ ነው። ሜታል ፊልም የሚባለው አዲሱ ዓይነት ጸጥ ያለ ነው።

ቮልዩሞቹ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። አንዱ ቮልዩም 500 ኪሎ ሎጋሪዝሚክ ነው፤ ሲዞር መጠኑ እንደ ሊኒየሩ በእኩል ደረጃ አይጨምርም። ከጎኑ የተጻፈው ፊደል ዓይነቱን ይናገራል ይባላል፣ ነገር ግን የእስያ ፋብሪካና የድሮ አውሮፓ ፋብሪካ ፊደሉን የሚጠቀሙበት በተቃራኒ ነው። ስለዚህ ለኩት። ቮልዩሙን እኩል መሃል ላይ አቁሙና ከመሃለኛው እግር እስከ ዝቅተኛው ጫፍ ያለውን በቴስተር አንብቡ። ግማሹን ካሳየ ሊኒየር ነው። ከአጠቃላዩ አንድ አስረኛ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ካሳየ ሎጋሪዝሚክ ነው።

አሁን ሁለቱ ትራንዚስተሮች።

የመጀመሪያዎቹ ፈዝ ፌሶች ጀርማኒየም ትራንዚስተር ነበራቸው፤ ኤንኬቲ 275 ወይም ኤሲ 128። ጀርማኒየም ከሲሊከን በፊት የነበረ ቴክኖሎጂ ነው። ከአንድ ፋብሪካ፣ ከአንድ ካርቶን የወጡ ሁለት ትራንዚስተሮች እንኳን አይመሳሰሉም። የአንዱ ጌይን፣ ማለትም የማጉላት አቅሙ፣ 60፣ የሌላው 150 ሊሆን ይችላል። ያኔ ከፋብሪካው የወጡ ፔዳሎች ራሳቸው አንዱ ግሩም፣ አንዱ የማይረባ የሚሆኑበት ምክንያት ይሄ ነው። “ኤንኬቲ 275 ካልሆነ አይሆንም” የሚል ሰው ይሄን ረስቶታል። ጥሩ የሚባለው ድምፅ የመጣው ከቁጥሩ ሳይሆን በአጋጣሚ አንድ ላይ ከገጠሙ ሁለት ትራንዚስተሮች ነው። ብዙ ሰሪዎች የመጀመሪያውን ከ70 እስከ 90፣ ሁለተኛውን ከ100 እስከ 130 አካባቢ ጌይን ያለው ይመርጣሉ። ይሄን የሚያሟላና ብዙ የማያፈስ ማንኛውም የጀርማኒየም ፒኤንፒ ትራንዚስተር ለዚህ ፔዳል ኤንኬቲ 275ን ይተካል። (ትራንዚስተር በኃይል አቅጣጫው ሁለት ዓይነት ነው፤ ፒኤንፒና ተቃራኒው ኤንፒኤን።)

“የማያፈስ” ያልኩት ነገር ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ትራንዚስተር ኤሚተር፣ ቤዝና ኮሌክተር የሚባሉ ሦስት እግሮች አሉት። ቤዙ ክፍት ሲሆን ከረንት ማሳለፍ የለበትም። ጀርማኒየም ግን ያሳልፋል፣ አንዳንዱ በብዛት ያሳልፋል። ቴስተር ላይ ያለው የትራንዚስተር መለኪያ ቀዳዳ ይሄን ፍሳሽ ከጌይኑ ጋር ደምሮ ነው የሚያነበው። ስለዚህ የደከመ ትራንዚስተር ጎበዝ መስሎ ይታያል።

ትክክለኛው አለካክ እንዲህ ነው። 9 ቮልት ባትሪ፣ አንድ 2.2 ሜጋ ኦም፣ አንድ 2.2 ኪሎ ኦም፣ አንድ 270 ኦም ሬዚስተርና ቴስተር ያዙ። 2.2 ኪሎውንና 270ውን በተርታ አገናኙ፤ 2.47 ኪሎ ይሆናሉ። የፒኤንፒውን ኤሚተር ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር አገናኙ። ኮሌክተሩን በ2.47 ኪሎው በኩል ወደ ኔጌቲቭ አምጡ። ቤዙን ክፍት ተዉት። አሁን በ2.47 ኪሎው ሁለት ጫፎች መካከል ያለውን ቮልት አንብቡ። ቤዙ ክፍት ስለሆነ የሚነበበው ሁሉ ፍሳሽ ነው። ቀጥሎ 2.2 ሜጋውን ከቤዙ ወደ ኔጌቲቭ አገናኙና እንደገና አንብቡ። ከሁለተኛው ንባብ የመጀመሪያውን ቀንሱ፣ የቀረውን በ100 አባዙ። ጌይኑ እሱ ነው።

ለምሳሌ ቤዙ ክፍት ሆኖ 0.25፣ ቤዙ ሲገናኝ 1.05 ቮልት ካነበባችሁ ልዩነቱ 0.80 ነው። ጌይኑ 80 ገደማ ሆነ፣ ፍሳሹ ደግሞ 100 ማይክሮ አምፒር ያህል። ለጀርማኒየም ይሄ ጥሩ ነው። ሌላው 0.90 እና 1.40 ቢያነብ ግን ሁለተኛው ንባብ ብቻውን 140 ጌይን ያስመስለዋል፤ እውነተኛው 50 ነው። ለዚህ ፔዳል አትጠቀሙበት።

እየለካችሁ ትራንዚስተሩን በሁለት ጣት ያዝ አድርጉት። የቴስተሩ ቁጥር እያያችሁት ሽቅብ ይወጣል። ስትለቁት ቀስ እያለ ይመለሳል። የጣት ሙቀት ብቻ ነው ይሄን የሚያደርገው። ስለዚህ ትራንዚስተሩን ከሰካችሁ በኋላ እጃችሁን አንሡና ቁጥሩ እስኪረጋ ጠብቁ። ካውያ የነካውን ትራንዚስተር ደግሞ ወዲያው አትለኩ።

ይሄ የሙቀት ነገር ለእኛ ከተማ ልዩ ትርጉም አለው። የጀርማኒየም ፍሳሽ ሙቀት ከ8 እስከ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር እጥፍ ይሆናል። ጅማ ላይ በማለዳና በቀትር መካከል ያለው ልዩነት ከ10 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው። ማለዳ የተስተካከለው ፔዳል ከሰዓት በኋላ ድምፁ ሊታፈን፣ የተመታው ኖታ ቶሎ ሊሞት ይችላል። ልጆቹ “ተበላሸ” ብለው ይዘውት ይመጣሉ። አልተበላሸም። ሁለተኛው ትራንዚስተር ኮሌክተር ላይ ያለው ቮልት ከቦታው ሸሽቶ ነው። እዚያ ቦታ ላይ 4.5 ቮልት አካባቢ መነበብ አለበት፣ የባትሪው ግማሽ ማለት ነው። መፍትሔው ዋናው ሰርኪዩት ላይ ያለውን 8.2 ኪሎ ሬዚስተር በ20 ኪሎ ትሪመር፣ ማለትም መጠኑ በሚስተካከል ትንሽ ሬዚስተር፣ መተካት ነው። እንዲህ ከሆነ በትንሽ ካቻቢቴ አዙሮ ማስተካከል ይቻላል። በዚህ ቦታ ከኦርጅናሉ መለየት ለኦርጅናሉ ድምፅ የበለጠ ታማኝ ያደርጋል።

ጀርማኒየሙ ከየት ይምጣ? ከአሮጌ ሬዲዮ። ቁራሌው በኪሎ ገዝቶ ከሚወስደው ዕቃ መሃል የ1960ዎቹና የ70ዎቹ እ.ኤ.አ. የትራንዚስተር ሬዲዮ አሁንም አልፎ አልፎ ይገኛል። ተበትኖ ብረቱ ለብቻ ከመሸጡ በፊት አንድ ሰው ውስጡን ቢያየው ትልቅ ነገር ነው። ምን እንደምትፈልጉ ለማወቅ የቁጥሩን አወጣጥ ማወቅ ይረዳል። በአውሮፓ አሰያየም የመጀመሪያው ፊደል “ኤ” ከሆነ ጀርማኒየም ነው፣ “ቢ” ከሆነ ሲሊከን። ሁለተኛው ፊደል “ሲ” ከሆነ ለድምፅ ሥራ የተሠራ አነስተኛ ትራንዚስተር ነው። ኤሲ 128 ማለት እንግዲህ ለድምፅ የሚሆን ጀርማኒየም ነው። አውሮፓ ሠራሽ ሬዲዮ ውስጥ ድምፅ ማጉያው አካባቢ ኤሲ 127 እና ኤሲ 128 ጥንድ ሆነው ይገኛሉ። 127ቱ ኤንፒኤን ስለሆነ ተዉትና 128ቱን ያዙ። በጃፓን አሰያየም ደግሞ “2ኤስኤ” እና “2ኤስቢ” ፒኤንፒ፣ “2ኤስሲ” እና “2ኤስዲ” ኤንፒኤን ናቸው። አሮጌ የጃፓን ሬዲዮ ውስጥ ያለ የብረት ቆብ 2ኤስቢ አብዛኛውን ጊዜ ጀርማኒየም ነው።

ጀርማኒየም ካልተገኘስ? ሲሊከን ሥሩ፤ ደግሞ እንደ ሁለተኛ ደረጃ አትቁጠሩት። አርቢተር ራሱ በ1960ዎቹ መጨረሻ ወደ ሲሊከን ዞሯል። ሄንድሪክስም ሁለቱንም ዓይነት ተጫውቷል። ያኔ የገባው ቢሲ 108 እና ዘመዶቹ ነበሩ። የቢሲ 107፣ 108 እና 109 የፕላስቲክ ተተኪዎች ቢሲ 547፣ 548 እና 549 ናቸው፤ እነዚህ የትም ጥገና ሱቅ አይጠፉም። እዚህ ላይ ግን ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለችው ፊደል ትበልጣለች። “ኤ” ከሆነ ጌይኑ ከ110 እስከ 220፣ “ቢ” ከሆነ ከ200 እስከ 450፣ “ሲ” ከሆነ ከ420 እስከ 800 ነው። የሲ ደረጃውን ያስገባ ሰው የሚጮህና ሬዲዮ ጣቢያ የሚይዝ ፔዳል ሊገጥመው ይችላል። በቤዝና በኮሌክተር መካከል 100 ፒኮ ፋራድ ካፓሲተር ቢጨምር ይረጋጋል። ኤ ደረጃውን ካገኛችሁ መጀመሪያ እሱን ሞክሩ። ከፒኤንፒ ወደ ኤንፒኤን ስትዞሩ የባትሪውንና የኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮቹን ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ መገልበጥ እንዳትረሱ።

በነገራችን ላይ በፔዳል የተቀየረ የጊታር ድምፅ ለእኛ ጆሮ ባዳ አይደለም። በ1960ዎቹ አጋማሽ በእኛ አቆጣጠር አዲስ አበባ የተቀዱ ሸክላዎች ላይ ዋው ዋው ጊታር ይሰማል። የኢትዮ ጃዝ አባት የሚባለው ሙላቱ አስታጥቄ የተወለደውም እዚሁ ጅማ ነው። የከተማው ልጅ ይሄን ድምፅ በእጁ ሠርቶ ቢያወጣው የራሱን ነገር ነው የሚያነሣው።

አይሲ ያለባቸው ፔዳሎች ላይ የመተካት ጥያቄው መልኩን ይቀይራል

አረንጓዴው የአይባኔዝ ቲዩብ ስክሪመር በ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ቲኤስ 808 የሚባለው ሞዴል ውስጡ ጄአርሲ 4558 የሚባል አይሲ፣ ማለትም ብዙ ትራንዚስተር በአንድ ላይ የያዘ ትንሽ ዕቃ፣ አለ። በዚህ አይሲ ዙሪያ የተወራው ወሬ ለከት የለውም። ሰው ጥቃቅኑን አይሲ እንደ ታቦት ሲያከብረው አያለሁ። ግን ሰርኪዩቱን እንየው። ድምፁን የሚሰብሩት፣ ጫፉን እየቆረጡ፣ ሁለት ዳዮዶች ናቸው። አይሲው የሚሠራው ማጉላት ነው፣ ከፍተኛው ጉላት 118 እጥፍ አካባቢ፣ ዝቅተኛው 12 እጥፍ ገደማ። ይሄን ለመሥራት ጥሩ ድርብ ኦፕ አምፕ፣ ማለትም ሁለት ማጉያ በአንድ የያዘ አይሲ፣ ከሆነ ይበቃል። ከሌላ ፋብሪካ የወጣ 4558፣ ቲኤል 072፣ ኤንኢ 5532፤ ሁሉም ባለ 8 እግር ናቸው፣ የእግራቸው አቀማመጥም አንድ ነው። የሚሰማ ልዩነት ቢኖር እንኳን ትንሽ ነው። ባለ 8 እግር ሶኬት በይዱና አይሲዎቹን እየቀያየራችሁ ሞክሩ። የትኛው እንደገባ ሳታዩ ጓደኛችሁ ይቀያይርላችሁ፤ እናንተ ተጫወቱና ስሙ። ዓይን ሲዘጋ ብዙ ሃይማኖት ይፈርሳል።

እዚሁ ፔዳል ላይ ማንም የማያወራላት አንዲት ካፓሲተር ግን ድምፁን በሙሉ ትወስናለች። 47 ናኖ ፋራድ ነች፣ ላይዋ ላይ 473 የሚል ይጻፋል። ከ4.7 ኪሎ ሬዚስተር ጋር ሆና ከ720 ኸርዝ በታች ያለው ድምፅ ያን ያህል እንዳይጎላ ታደርጋለች። የቲዩብ ስክሪመር ያ መሃሉ ወጣ ያለ፣ ከባንድ መሃል ጎልቶ የሚሰማ ድምፅ ከዚህች ነው የሚመጣው። ሱቁ 473 ስለሌለው 104 (100 ናኖ) ቢሰጣችሁና ብታስገቡት መስመሩ ወደ 340 ኸርዝ ይወርዳል። ወፍራሙ ድምፅ ይገባል፣ ድምፁ ይደፈርሳል። ያኔ ጥፋቱ በአይሲው ላይ ይላከካል። 473 ካጣችሁ ሁለት 223 (22 ናኖ) ጎን ለጎን አገናኙ፤ 44 ናኖ ይሆናሉ፣ ይበቃል። ድምፅ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ፊልም ካፓሲተር ቢሆን ይመረጣል። ርካሹ ሴራሚክ ቮልትና ሙቀት ሲለዋወጥበት መጠኑ አብሮ ይለዋወጣል። ለጥቃቅኑ የፒኮ ፋራድ ዋጋ ግን ሴራሚክ ችግር የለውም፤ 51 ፒኮ ከጠፋ 47 ፒኮ ይግባ።

በዚሁ ፔዳል መግቢያና መውጫ ላይ ያሉት ሁለት 2ኤስሲ 1815 ትራንዚስተሮች ምንም ድምፅ አይጨምሩም፣ አይቀንሱም። የሚመጣውን ድምፅ ተቀብለው ጉልበት ሰጥተው ያስተላልፋሉ። ማንኛውም አነስተኛ የሲሊከን ኤንፒኤን ይሆናል። ቢሲ 547 ይሁን፣ 2ኤን 3904 ይሁን። ነገር ግን እግሩን ተጠንቀቁ! ጠፍጣፋውን ፊት ወደ እናንተ አዙራችሁ ከግራ ወደ ቀኝ ስታነቡ 1815 ኤሚተር፣ ኮሌክተር፣ ቤዝ ነው። 2ኤን 3904 ኤሚተር፣ ቤዝ፣ ኮሌክተር ነው። ቢሲ 547 ደግሞ ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኤሚተር። ሦስቱም በሥራ አቻ ናቸው፣ በእግር ግን ሦስቱም ይለያያሉ። ቦርዱ ለ1815 ከተሠራ 547ን በቀጥታ መሰካት አይቻልም፤ እግሩን አጠማዝዞ፣ እንዳይነካካ ጎማ አልብሶ ማስገባት ያስፈልጋል። ሠርቶ ጨርሶ ድምፅ አልወጣ ያለውን ፔዳል ስንከፍት በጣም የተለመደው ምክንያት ይሄ ነው።

አይሲው ምንም አይደለም ስላልኩ ሁሌም እንደዚያ ነው ብላችሁ አታስቡ። ራት የሚባለው ፔዳል በ1978 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ውስጡ ኤልኤም 308 ነበረው። ይሄ አይሲ ዘገምተኛ ነው፤ ቮልቱን በአንድ ማይክሮ ሰከንድ ከ0.3 ቮልት በላይ መቀየር አይችልም። ራት ደግሞ ከሁለት ሺህ እጥፍ በላይ እንዲያጎላ ይጠይቀዋል። አይሲው አይደርስበትም። ቀጭኑን ድምፅ እየዋጠ፣ ጫፉን እያደበዘዘ ይሄዳል። ያ ወፍራም የራት ድምፅ የዚህ አለመድረስ ውጤት ነው። ፍጥነቱ 13 ቮልት በማይክሮ ሰከንድ የሆነውን ቲኤል 071 ብታስገቡ የተሻለ አይሲ አስገባችሁ፣ ድምፁን ግን አጣችሁት፤ ይሳላል፣ ይነክሳል። ትክክለኛው አቻ ኦፒ 07 ነው፤ ፍጥነቱ ያው 0.3 ነው። ፋብሪካው ራሱ ኤልኤም 308 ሲጠፋ የዞረው ወደዚህ ነው። ኦፒ 07 ስታስገቡ በእግር 1 እና በእግር 8 መካከል ያለውን 30 ፒኮ ፋራድ አውጡት። ለ308 ያስፈልግ ነበር፣ ለ07 ግን እነዚያ እግሮች ሌላ ሥራ አላቸው። አንዱ ፔዳል ላይ የተሻለ አይሲ ማስገባት ምንም አይጎዳም፣ ሌላው ላይ የፔዳሉን ባህሪ ያጠፋል። ልዩነቱ የሚታወቀው ሰርኪዩቱን በማንበብ እንጂ ቁጥር በማነጻጸር አይደለም።

ዳዮዶቹ ላይ ፈጠን ልበል። 1ኤን 914 ከተባለ 1ኤን 4148 አስገቡ፣ አንድ ናቸው። የሲሊከን ዳዮድ 0.6 ቮልት አካባቢ ይቆርጣል፣ ጀርማኒየም 0.3 አካባቢ፣ ቀይ ኤልኢዲ 1.7 አካባቢ። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ድምፁ ቶሎ ይሰበራል፣ የሚወጣው ድምፅም ይቀንሳል። 1ኤን 60 ተብሎ የሚሸጠው ግን ዛሬ ብዙ ጊዜ ጀርማኒየም ሳይሆን ሾትኪ የሚባል ዘመናዊ ዳዮድ ነው። ይሠራል፣ ግን ለጀርማኒየም ዋጋ አትክፈሉበት።

ይሄ ወደ ፌክ ዕቃ ይወስደናል። ተፈላጊ የሆነና ምርቱ የቆመ ዕቃ ሁሉ ይቀዳል። የሌላ አይሲ ላይ ያለው ጽሑፍ ተፍቆ፣ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ “ኤልኤም 308” ወይም “ጄአርሲ 4558” ይጻፍበታል። በጥጥ አሴቶን፣ ማለትም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ፣ ነክራችሁ አናቱን እሹት። ቀለሙ ጥጡ ላይ ከወጣና ሥሩ የተፋቀ ምልክት ከታየ አይሲው እንደገና የተጻፈበት ነው። በሌዘር የሚጻፈውን ይሄ ላይይዘው ይችላል። በጣም ርካሽ በሆነ ዋጋ አዲስና የሚያበራ ኤልኤም 308 ከቀረበላችሁ ግን ተጠራጠሩ። ለዚህ ነው ኦፒ 07ን የመሰለ አሁንም የሚመረት ዕቃ የምመርጠው። ብሩ ከብዙ ድካም ጋር ነው የሚመጣው። በስም ላይ ከማፍሰስ በሚለካ ነገር ላይ ማዋል ይሻላል።

ፌዘርና ኮረስ የሚባሉትን፣ ድምፁን የሚያወዛውዙ ፔዳሎች፣ ለመቅዳት ለምትጓጉ፦ ለመጀመሪያ ሥራ አልመክራችሁም። የኤምኤክስአር ፌዝ 90 እርስ በርሳቸው የሚመሳሰሉ አራት ጄፌት የሚባሉ ልዩ ዓይነት ትራንዚስተሮች ይፈልጋል፤ አራት የሚመሳሰሉ ለማግኘት ብዙ ገዝቶ መለካት ግድ ነው። ኮረስና የድሮ ዲሌይ (ድምፁን የሚያዘገይ ፔዳል) ውስጥ ያሉት አይሲዎች፣ ኤምኤን 3007 እና ኤምኤን 3207 ደግሞ ቁጥራቸው ወንድማማች ይመስላል። ሆኖም የሚፈልጉት ቮልትና የኃይል አቅጣጫቸው ይለያያል። አንዱን በአንዱ ቦታ መሰካት አይቻልም።

ኃይሉስ? የጊታር ፔዳል አዳፕተር በልማድ መሃሉ ኔጌቲቭ ነው። ቤት ውስጥ የሚገኘው የዋይፋይ ራውተር አዳፕተር አብዛኛውን ጊዜ መሃሉ ፖዘቲቭ ነው። መጀመሪያ በቴስተር ሳይለኩ መሰካት አይሲውን ሊያቃጥል ይችላል። መግቢያው ላይ መከላከያ ዳዮድ አድርጉ። ንድፉ 1ኤን 4001 ቢል የትም ያለው 1ኤን 4007 ያለ ምንም ሐሳብ ይገባል። የፒኤንፒ ጀርማኒየም ፈዝ ግን ግራውንዱ ፖዘቲቭ ስለሆነ ከሌሎች ፔዳሎች ጋር በአንድ አዳፕተር አይሠራም፤ ሾርት ያደርጋል። ለሱ ለብቻው ባትሪ ስጡት። የሚበላው ከረንት በጣም ትንሽ ስለሆነ አንድ 9 ቮልት ባትሪ ብዙ ያቆየዋል፣ መብራት ሲጠፋም አያስጨንቅም።

ማብሪያው ላይ ደግሞ አትጨነቁ። ባለ 9 እግሩ የእግር ማብሪያ ካልተገኘ ባለ 6 እግሩ ይሠራል፤ የሚቀረው መብራቷ ብቻ ናት። የድሮዎቹም መብራት አልነበራቸውም። የጅማ እርጥበት ግን ርካሽ መሰኪያና ማብሪያ ላይ ቶሎ ዝገት ያመጣል። ሬዚስተር ላይ ያተረፋችሁትን ብር እዚህ ላይ ብታወጡት አይቆጭም።

ሠርታችሁ ለሌላ ሰው የምትሸጡ ካላችሁ፣ የሌላውን ድርጅት ስምና ዓርማ ፔዳሉ ላይ አትለጥፉ። የራሳችሁን ስም ስጡት። ክዳኑ ውስጥ ደግሞ ትንሽ ወረቀት ለጥፉ። የገቡትን ትራንዚስተሮች ቁጥር፣ የለካችሁትን ጌይንና ፍሳሽ፣ ኮሌክተሩ ላይ ያነበባችሁትን ቮልት ጻፉበት። ገዢው ምን እንደገዛ ያውቃል፣ ነገ የሚጠግነው ሰውም ከዜሮ አይጀምርም።